ወለሉም አማና ነው



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ስለ እንጨት ወለል ነው። እዚህ በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ፣ ብዙዎቻችን የምንኖረው የጣውላ ወለል ባለው ቤት ውስጥ ነው። በቀን አምስት ጊዜ ሱጁድ የምናደርገው፣ ልጆቻችን የሚድሁት፣ እንግዳ የምናስተናግደው እሱ ላይ ነው። ሆኖም ስለ መጋረጃና ስለ ሶፋ የምናወራውን ያህል ስለ ወለሉ አናወራም። የምናወራው ከቤቱ ስንወጣ አከራይ ዲፖዚታችንን ሲያስቀርብን፣ ወይም ቤቱ የራሳችን ከሆነ ኮንትራክተር መጥቶ የሺዎች ዶላር ዋጋ ሲጠራብን ነው።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። እኔ እንደማየው በእኛ ቤቶች ወለል የሚበላሸው በስንፍና አይደለም። የሚበላሸው በንጽህና ፍቅር፣ ማለትም በውሃ ነው። ወለሉን ማወቅና መንከባከብ ደግሞ የማስዋብ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጠሃራ፣ የአማናና የጎረቤት ሐቅ ጉዳይ ነው። ሥራውም የእናት ብቻ ሊሆን አይገባም።

ከሊሾ ወደ ጣውላ

አገር ቤት እጃችን የለመደው ወለል ሌላ ነበር። ገጠር ያደገችው የአፈር ወለል በእበት መለቅለቅ ታውቃለች። ከተማ ያደገችው ሊሾው ላይ ውሃ በባልዲ ደፍታ፣ በመጥረጊያ እየገፋች በበር ታስወጣለች። ለሊሾና ለሴራሚክ ይሄ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ሲሚንቶ ውሃ አይጎዳውም። አዲስ አበባ ውስጥ የድሮ ጣውላና ፓርኬ ወለል የነበራቸው ቤቶች ግን ሌላ ሥርዓት ነበራቸው። ይጠረጋሉ፣ ሰም ይቀባሉ፣ ይወለወላሉ እንጂ ውሃ አይደፋባቸውም። እዚያ ቤት ያደጉ እህቶች ይህን ያስታውሳሉ።

እዚህ አገር ስንመጣ ይዘነው የመጣነው የሊሾውን እጅ ነው። ያገኘነው ወለል ግን ጣውላ ነው። እንጨት ደግሞ ከተቆረጠ ከመቶ ዓመት በኋላም እርጥበት መሳብና መልቀቅ አይተውም። ሲስብ ያብጣል፣ ሲለቅ ይኮማተራል። የዋሽንግተን አካባቢ በጋ እርጥበታማ ነው፤ ክረምቱ ደግሞ ሂተር ሲበራ ቤቱን ያደርቀዋል። ለዚህ ነው በክረምት በጣውላዎቹ መሐል ቀጭን ክፍተት የሚታየው፣ በበጋ ደግሞ የሚጠፋው። ያ ብልሽት አይደለምና በመሙያ አትድፈኑት። ባለሙያዎች ለእንጨት ወለል የሚመክሩት የቤት ውስጥ እርጥበት ከ30 እስከ 50 በመቶ ነው። በበጋ ኤሲ ወይም እርጥበት መቀነሻ ማሽን፣ በክረምት ደግሞ እርጥበት መጨመሪያ ማሽን የሚረዳው ለዚህ ነው። ይህን የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ከማንኛውም የቤት ዕቃ መደብር በርካሽ ይገኛል።

ላዩ ላይ የምናየው የሚያብረቀርቅ ሽፋን ቫርኒሽ ወይም ፖሊዩሬቴን ይባላል። የጣውላውን ፊት ይሸፍናል እንጂ መጋጠሚያውን አይደፍንም። ስለዚህ የተደፋ ውሃ በመጋጠሚያው በኩል ወደ ታች ይሰርጋል። ጣውላው ከሥሩ ያብጥና ጠርዙ ከመሐሉ ከፍ ይላል፤ ወለሉ ላይ በባዶ እግር ስትሄዱ ሞገድ ሞገድ የሚላችሁ ያ ነው። በአንድ ቀን አይታይም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው በእንጨት ወለል ላይም ይሠራል።

ታዲያ እንዴት እናጽዳ? መጀመሪያ አቧራውንና አሸዋውን ለስላሳ መጥረጊያ ወይም ቫኪዩም አድርጉለት። ሽፋኑን ከሁሉ በላይ የሚፍቀው ከጫማ የሚገባው ደቃቅ አሸዋ ነው። በዚህ በኩል እኛ ተጠቃሚዎች ነን፤ ጫማ በር ላይ የማውለቅ ልማዳችን ከየትኛውም የጽዳት ፈሳሽ ይበልጣል። ከዚያ የማይክሮፋይበር ጨርቅ አርጥባችሁ በደንብ ጨምቃችሁ ወልውሉ። ሚዛኑ ቀላል ነው፤ የወለወላችሁት ቦታ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ካልደረቀ ውሃው በዝቷል። የእንፋሎት መወልወያ ለጣውላ አይሆንም፤ ሙቅ እንፋሎት በመጋጠሚያ ይገባል። አቼቶና ሎሚ አሲድ ስለሆኑ በጊዜ ብዛት ሽፋኑን ያደበዝዛሉ። በረኪናም እንዲሁ አይሆንም። በረኪናን ከአቼቶ ወይም ከአሞኒያ ጋር ማደባለቅ ደግሞ መርዛም ጋዝ ስለሚፈጥር በየትኛውም ወለል ላይ ክልክል ነው። ፖሊዩሬቴን በተቀባ ወለል ላይ ሰም ወይም የዘይት ማብረቅረቂያ አታድርጉ፤ ለጊዜው ያምራል፣ በኋላ ግን አዲስ ሽፋን አልያዝ ይላል።

ጠሃራና ጣውላ

አሁን እህቶች በጣም የሚጨነቁበት ቦታ ደረስን። ሕፃኑ ወለሉ ላይ ሸናበት። ውሃ ካልደፋን እንዴት ይጠራል?

በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ውስጥ አንድ የገጠር ሰው ሲሸና ሰሐቦች ሊያስቆሙት ሲሞክሩ፣ ነቢዩ ተዉት ብለው፣ ከጨረሰ በኋላ በቦታው ላይ አንድ ባልዲ ውሃ እንዲፈስበት ማዘዛቸው በሶሒሕ ሐዲስ የታወቀ ነው። ብዙዎቻችን ይህን ሐዲስ ይዘን ሳሎኑን እናጥባለን። ግን ያ መስጂድ ወለሉ አፈር ነበር፤ ውሃውን ጠጥቶ ይጨርሳል። የኛ ሳሎን ከሥሩ ሌላ ጣውላ፣ አፓርታማ ከሆነ ደግሞ የሌላ ሰው ጣሪያ አለው።

ፊቅሁ ለዚህ መልስ አላጣም። በሐነፊ መዝሐብ መሬትና ከመሬት ጋር የተያያዘ ነገር ነጃሳው ደርቆ ምልክቱ ከጠፋ ለሶላት ጠሂር ይሆናል። በሻፊዒይ መዝሐብ ውሃ ያስፈልጋል፤ ሆኖም መጀመሪያ ሽንቱ በጨርቅ ተመጥጦ ከተነሳና ቀለሙም ሽታውም ከጠፋ፣ የቀረውን ቦታ የሚያዳርስ ጥቂት ውሃ አፍስሶ በንጹህ ጨርቅ ማንሳት ይቻላል፤ ባልዲ ሙሉ ውሃ ግዴታ አይደለም። ከወተት ሌላ ምግብ ያልጀመረ ወንድ ሕፃን ሽንትማ በሻፊዒይና በሐንበሊ መዝሐብ ውሃ መርጨት ብቻ ይበቃዋል። በደረቀ ነጃሳ ላይ ንጹህ መስገጃ ዘርግቶ መስገድም ብዙ ዑለሞች ዘንድ ሶላቱን አያበላሽም። እኔ ሙፍቲ አይደለሁም፤ ዝርዝሩን የምታምኑትን ኡስታዝ ጠይቁ። የምለው ይህን ነው፤ ሸሪዓው ሳያስቸግረን ራሳችንን አናስቸግር። ከአንድ ኩባያ ሽንት ላይ ሁለት ባልዲ ውሃ መድፋት ጠሃራ ሳይሆን ወስዋስ ነው።

ለጣውላውም ለጠሃራውም የሚጠቅመው አንድ ነገር ነው፤ ፍጥነት። ሽንት ጣውላ ውስጥ ሲቆይ ኦክ ውስጥ ካለው ታኒን ጋር ተዋህዶ ጥቁር ምልክት ይተዋል፣ ሽታውም አይለቅም። በአምስት ደቂቃ ውስጥ የተመጠጠ ግን ምልክት አይተውም። ልጅ ሽንት ቤት በሚለማመድበት ወቅት የጣውላውን ሳሎን ሊታጠብ በሚችል ምንጣፍ መሸፈን የብልህ ሥራ ነው።

የውዱእ ነገርም አለ። ከመታጠቢያ ቤት እስከ መስገጃው የእርጥብ እግር ዱካ በቀን አምስት ጊዜ፣ በአምስት ሰው ሲባዛ ብዙ ውሃ ነው። ከመታጠቢያ ቤት በር ፊት ያለውን ጣውላ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በብዙ ቤት መጀመሪያ የሚጠቁረው እሱ ነው። መፍትሔው በሩ ላይ ውሃ የሚመጥ ፎጣ ማንጠፍ፣ እግርን ማድረቅ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ውዱእ ያደርጉ የነበረው በአንድ ሙድ፣ ማለትም በሁለት እጅ መዳፍ በሚሞላ መጠን ውሃ እንደነበር ተዘግቧል። ከሊትር የማይበልጥ ውሃ ነው። ሱናውን ብንይዝ ወለሉም ያርፋል።

ቡናው፣ ከሰሉ፣ ጉዝጓዙ

የዒድ ቀን ወይም የልጅ ዐቂቃ ሲኖር ጉዝጓዝ መጎዝጎዝ እንወዳለን። እርጥብ ሣር ጣውላ ላይ ካደረ ግን አረንጓዴ ቀለሙን ትቶ ይሄዳል። ከሥሩ ላስቲክ አንጥፉበት፣ እንግዳ ሲሄድ ወዲያው አንሱት። ሂና የሚቀባ ካለም እንደዚያው፤ የተንጠባጠበ ሂና ሽፋኑ ባለቀ ጣውላ ላይ ከእጅ ይልቅ ይቆያል።

ከሰል ግን የወለል ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሚፈናጠር ፍም ጣውላውን ይበሳዋል፤ ያ ይጠገናል። ቤት ውስጥ የሚነድ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም ቀለምም የለውም፣ በክረምት በተዘጋ አፓርታማ ውስጥ ሰው ይገድላል። መስኮት ትንሽ ከፍቻለሁ ማለት አያድንም። ለቡናው ኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ለዕጣኑም የኤሌክትሪክ ማጨሻ ሙቀት በማያሳልፍ ሰሌዳ ላይ አድርጉ። ረከቦቱ እግር ሥር ፌልት ለጥፉ። ወጋችን አይቀንስም።

ከታች የሚኖረው ሰው

የእንጨት ወለል ድምፅ ያሳልፋል። እኛ ፎቅ ላይ የልጅ ሩጫ ሲሆንብን፣ ከታች ላለው ሰው ከበሮ ነው። በረመዳን ሱሑር ስናዘጋጅ፣ ከተራዊሕ በኋላ እንግዳ ስናስተናግድ፣ ለዒድ ሌሊት ወንበር ስንጎትት፣ ከታች ያለው ሰው ነገ ሥራ የሚገባ ሊሆን ይችላል። ሙስሊም አለመሆኑ የጎረቤት ሐቁን አያነሳም። ብዙ የኮንዶሚኒየም ደንቦችና የኪራይ ውሎችም ከወለሉ አብዛኛው ክፍል በምንጣፍ እንዲሸፈን ይጠይቃሉ፤ የፈረማችሁበትን ገጽ አንብቡት። ውል ፈርሞ አለማክበር በእኛ ዲን ቀላል ነገር አይደለም።

ምንጣፍ ስትገዙ ከሥሩ የሚነጠፈውን አስተውሉ። ጎማ ወይም ላቴክስ ጀርባ ያለው ንጣፍ ፖሊዩሬቴኑን ያቢጫል፣ አንዳንዴም ይጣበቅበታል። ከፌልት የተሠራው ይሻላል። መስገጃችሁ እንዳይንሸራተት ብላችሁ የጎማ ንጣፍ ካደረጋችሁ፣ ከሶላት በኋላ አጥፋችሁ አንሱት። ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ የተዘረጋ መስገጃም ፀሐይ የጣውላውን ቀለም ሲለውጥ የራሱን ቅርጽ ትቶ ይቀራል፤ በየጊዜው ቦታውን ቀይሩለት።

የአከራይ ሐቅና የኛ ሐቅ

የተከራየነው ቤት ወለል በእጃችን ያለ የሰው ንብረት ነው። ባለቤቱ ሀብታም ኩባንያ መሆኑ፣ ኪራዩ መወደዱ፣ ወይም አከራዩ ሙስሊም አለመሆኑ አማናውን አይሰርዝም። ያፈሰስነውን መጥረግ፣ የሚያፈስ ቧንቧ ስናይ ያኑ ቀን በጽሑፍ ማሳወቅ ግዴታችን ነው።

አማና ማለት ግን መበዝበዝ ማለት አይደለም። ብዙ እህቶች ሕጉን ባለማወቅ፣ ወይም ክርክር በመጥላት፣ የሚገባቸውን ገንዘብ ትተው ይሄዳሉ። በሜሪላንድም በቨርጂኒያም አከራይ በተለመደ አኗኗር ለመጣ ማርጀት ከዲፖዚት መቁረጥ አይችልም። ዓመታት በመረገጥ የደበዘዘ ቫርኒሽ እርጅና ነው፤ በፍም የተበሳ ጣውላ ጉዳት ነው። በሁለቱም ስቴቶች አከራዩ በ45 ቀን ውስጥ ዲፖዚቱን መመለስ፣ ከቆረጠም ምክንያቱን ዘርዝሮ በጽሑፍ መስጠት አለበት።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ማለትም ሜሪላንድ የምትኖሩ፣ ከጥቅምት 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለተፈረመ ውል ዲፖዚቱ ከአንድ ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ያለ አግባብ የተያዘ ዲፖዚት ፍርድ ቤት ሲደርስ እስከ ሦስት እጥፍ ሊያስከፍል ይችላል። የሜሪላንድ ሕግ አከራዩ ዲፖዚቱን ሲመልስ ትንሽ ወለድ እንዲጨምር ያዛል፤ ዋናውን ገንዘብ ተቀብላችሁ ያቺን ወለድ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ዓሊም ጠይቁ። አሌክሳንድሪያ፣ ማለትም ቨርጂኒያ የምትኖሩ ደግሞ ዲፖዚቱ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ስትገቡ ስለ ቤቱ ሁኔታ የሚሰጣችሁን ሪፖርት ካልተስማማችሁበት ሕጉ በሚሰጠው አጭር ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ መቃወም አለባችሁ፤ ዝም ካላችሁ እንደተስማማችሁ ይቆጠራል። ያልጠቀሱት ጭረት የእናንተ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው።

ስለዚህ ቁልፍ በተቀበላችሁበት ቀን፣ ዕቃ ሳይገባ፣ ወለሉን ክፍል በክፍል ፎቶ አንሱ፤ በተለይ የመታጠቢያ ቤቱን በር፣ የማቀዝቀዣውን ፊትና መስኮት ሥር። ለአከራዩ በኢሜይል ላኩት። ቁርኣን ዕዳን በጽሑፍ እንድንይዝ ሲያዝ የሰዎችን ሐቅና ሰላም ለመጠበቅ ነው፤ ፎቶውም ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ሳይቃጠል በቅጠል

ቤቱ የራሳችሁ ከሆነ መጀመሪያ ምን ዓይነት ወለል እንዳላችሁ እወቁ። ወፍራም ሙሉ ጣውላ፣ ብዙውን ጊዜ 19 ሚሊ ሜትር፣ በዕድሜው ብዙ ጊዜ ሊፈገፈግና ሊታደስ ይችላል። ላዩ ስስ እንጨት፣ ሥሩ ንብርብር የሆነው ኢንጂነርድ የሚባለው እንደ ውፍረቱ አንዴ ወይም ሁለቴ፣ አንዳንዱም ጭራሽ አይፈገፈግም። ላሚኔት ደግሞ የእንጨት ሥዕል ነው፤ ፈጽሞ አይፈገፈግም። በአካባቢያችን ያሉ የቆዩ ቤቶች፣ ለምሳሌ በአሌክሳንድሪያ ከ1941 እስከ 1943 እ.ኤ.አ. እንደተሠራው ፓርክፌርፋክስ ያሉ የዚያ ዘመን ሰፈሮች፣ ብዙ ጊዜ እውነተኛ ጣውላ አላቸው። አሮጌ ምንጣፍ ሥር ተደብቆ የሚገኝም አለ።

ሽፋኑ ማለቁን ለማወቅ ሁለት ጠብታ ውሃ ጣሉበት። ጠብታው ክብ ሆኖ ከቆመ ሽፋኑ ደህና ነው። ወዲያው ከሰረገና ጣውላው ከጠቆረ ጊዜው ደርሷል። በዚህ ጊዜ ሁሉም ነገር መፈግፈግ የለበትም። ጣውላው ራሱ ካልተጎዳ ላዩን ብቻ በስሱ አሻክሮ አንድ አዲስ ሽፋን መቀባት ይበቃል። ከሙሉ እድሳት በጣም ይረክሳል፣ አቧራውም ያንሳል፣ የጣውላውንም ዕድሜ አይቀንስም። ከቆያችሁና ጣውላው ከጠቆረ ግን ይህ ዕድል ያልፋል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ትንንሾቹን በራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ሲረገጥ የሚያቃጭለው ጣውላ ብዙ ጊዜ ሁለት ጠርዝ ሲፋተግ ነው፤ መጋጠሚያው ውስጥ የሕፃን ፓውደር ነስንሳችሁ ላዩ ላይ ጨርቅ አድርጋችሁ ርገጡት። የብርጭቆ ነጭ ክብ ምልክት እርጥበቱ ሽፋኑ ላይ እንደቀረ ያሳያል፣ ብዙ ጊዜ በራሱ ወይም በቀላል ማሸት ይለቃል። ጥቁር ምልክት ግን ውሃው እንጨቱ ጋ ደርሷል ማለት ነው። እሱን ኦክዛሊክ አሲድ ያነሳዋል፤ ግን መርዝ ስለሆነ ጓንትና መነጽር ይፈልጋል፣ ልጆች ባሉበት አይከፈትም። ሞገድ የሠራ ወለል ደግሞ ወዲያው እንዲፈገፈግ አትፍቀዱ። መጀመሪያ የውሃው ምንጭ ይገኝ፣ ወለሉ ሳምንታት ወስዶ ይድረቅ። እርጥብ ሳለ ጠርዙ ከተላጨ፣ ሲደርቅ መሐሉ ጉብ ብሎ ይቀራል።

ሦስት ነገር ላይ ግን አትድፈሩ። አንደኛ፣ ከ1978 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ቤት ቀለምና ቫርኒሹ እርሳስ፣ ማለትም ሊድ፣ ሊኖረው ይችላል። አቧራው የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ሳይመረመር አይፈገፈግ፤ በሥራው ቀን ነፍሰ ጡርና ልጆች ከቤት ይውጡ። ሁለተኛ፣ አሮጌ የላስቲክ ንጣፍ ስታነሱ ከሥሩ ያለው ጥቁር ማጣበቂያ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል አትፋቁት። ሦስተኛ፣ በዘይት ቀለም ወይም በተልባ ዘይት የተነከረ ጨርቅ ተጨማዶ ከተጣለ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወይም ውሃ ባለበት ክዳናም የብረት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጡት።

ሥራው ካለቀ በኋላም ትዕግሥት ይፈልጋል። በውሃ የሚሠራው ፖሊዩሬቴን በማግሥቱ በካልሲ ይረገጣል፤ ምንጣፍ ግን እስከ ሁለት ሳምንት አይነጠፍበትም። የዘይቱ እስከ አንድ ወር ይቆያል። በዚያን ጊዜ በስስ ንጹህ ነጠላ ላይ ስገዱ። ረመዳን ሲገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ወለል ማሳደስ የማይመከረውም ለዚህ ነው።

ገንዘቡ ከየት?

እዚህ ላይ ነው በጣም የማሳስበው። ወለሉ ሲያረጅ ኮንትራክተሩ ከዋጋው ጋር አብሮ የክፍያ ወረቀት ይዞ ይመጣል፤ አሁን ይሠራ፣ ቀስ ብላችሁ ትከፍላላችሁ ይላል። አንዳንዱ መጀመሪያ ዜሮ ወለድ ይልና አንድ ወር ሲያልፍ ወለዱን ከመነሻው ቆጥሮ ይጭነዋል። ከሪባ ለመሸሽ ቤት ሳንገዛ ዓመታት የታገስን ሰዎች፣ ለወለል ማብረቅረቂያ ብለን ሪባ ውስጥ ብንገባ ያሳዝናል። በየወሩ ትንሽ ማስቀመጥ፣ አንድ ክፍል ብቻ ማሠራት፣ ወይም ቀሪውን በምንጣፍ ሸፍኖ መታገስ ይሻላል። እንዲያው ለምን ሁልጊዜ መብረቅረቅ አለበት? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በለይለቱል ቀድር ዝናብ ባፈሰሰበት መስጂድ ሰግደው፣ በግንባራቸው ላይ የጭቃና የውሃ ምልክት መታየቱ በሐዲስ ተዘግቧል። ንጹህ ወለል ያስፈልገናል። ከማን አንሼ ብሎ በዕዳ የሚያብረቀርቅ ወለል ግን አያስፈልገንም።

ሠራተኛ ስትቀጥሩም የሐበሻ ልጅ ነው፣ ሙስሊም ነው ብቻ ብላችሁ አትተዉት። በሜሪላንድ የቤት ጥገና የሚሠራ ሰው የስቴቱ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ በቅድሚያ ከዋጋው አንድ ሦስተኛ በላይ መቀበልም ሕጉ አይፈቅድለትም። በቨርጂኒያም ከ1,000 ዶላር በላይ ለሆነ ሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል። ውሉ በጽሑፍ ይሁን። ይህ አለመተማመን አይደለም፤ ለሁለታችሁም ጥበቃ ነው።

የማን ሥራ ነው?

አንዳንድ እህት፣ በዚህ ሁሉ ጭንቀት ላይ ደግሞ ወለል ጨመርሽብን ትለኝ ይሆናል። እውነቷን ነው። ቀን የሰው ቤትና የሆቴል ወለል ስታጸዳ ውላ፣ ማታ የራሷን ለመወልወል ጉልበት የሌላት እህት አለች። ለእሷ የምለው ሥራ ጨምሪ ሳይሆን ቀንሺ ነው። ባልዲውን ተዪው፤ ደረቅ መጥረጊያና አንድ የተጨመቀ ጨርቅ ይበቃል።

የቀረውን ለቤተሰቡ አካፍዪ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ዓኢሻ (ረ.ዐ) ስትጠየቅ፣ ቤተሰባቸውን በማገዝ ሥራ ላይ እንደነበሩ ተናግራለች። የወንበር እግር ሥር ፌልት መለጠፍ፣ የሚፈስ ቧንቧ ማየት፣ የእርጥበት መለኪያውን መከታተል የአባወራ ሥራ ይሁን። የመታጠቢያ ቤቱን በር መጥረግ የልጆች ይሁን። ልጅ ለውዱእ ውሃ መቆጠብን፣ ያፈሰሰውን መጥረግን፣ ከታች ለሚኖረው ሰው ሲል ቀስ ብሎ መራመድን ከዚህ ይማራል። እነዚህ ነገሮች በመድረሳ ብቻ የሚገቡ አይደሉም፤ በየቀኑ በሚረግጠው ጣውላ ላይ ይገባሉ።

የተከራየነውን ቤት ትተነው እንሄዳለን። የገዛነውንም ቢሆን ትተነው እንሄዳለን። ከኋላችን ለሚገባው ሰው ያልተጎዳ ወለል መተው ትንሽ ነገር ቢመስልም፣ አላህ ዘንድ ትንሽ ሆኖ የሚቀር መልካም ሥራ የለም።

አላህ ቤቶቻችንን የሶላትና የሰላም ቤት ያድርግልን፣ ሪዝቃችንን ሐላልና በረካ ያለው ያድርግልን፣ በእጃችን ያለውን አማና ሁሉ የምንወጣ ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።